ሦስተኛው ጥሪ

በኖራድ መንግሥት፣ ከጨው ዋሻው ሥር በተቆረቆረችው ከተማ፣ ሰው ሦስት ጊዜ ካልተጠራ አቤት አይልም። ሕጉ የወጣው በዋሻው ውስጥ በሚኖረው በጠሪው ምክንያት ነው። ጠሪው የሚወዱትን ሰው ድምፅ አስመስሎ ይጣራል፤ ከሁለት ጊዜ በላይ ግን አይሆንለትም። አቤት ያለውን ሰው ድምፁን ይውጠዋል። ዕድለኛው ዲዳ ሆኖ ይወጣል፤ ሌላው ጭራሽ አይወጣም።

ገመድ በመግመድ የምትኖረው ዘልማ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች ዋሻው ተንዶ፣ ውስጥ ከነበሩት አርባ ሰዎች እሷ ብቻ ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ተቀምጣ ነው የምትተኛው። በሯንም ሌላው ሰው በሦስተኛው ጥሪ ሲከፍት እሷ እስከ አምስተኛው ትጠብቃለች።

በአጨዳ ወር ዋሻው እንደገና ተናደ። ዘጠኝ ጨው ቆራጮች ከውስጥ ቀሩ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሕዝቡ በዋሻው አፍ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ድምፆች ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ተጣርቶ ይጠፋል። የከተማዋ ገዥ አበጋዝ ደርሞ በትሩን አነሣ።

«የኖራድ ልጆች ሆይ! አባቶቻችን ያጠሩትን አጥር አናፈርስም። ሦስተኛ ጥሪ እስኪሰማ ማንም አይገባም!»

«ጌታዬ፣» አለ እህቱ ሚራት ከውስጥ የቀረችበት ወታደር ሳርኮ፣ «አራት ቀን ውኃ ያልቀመሰ ሰው ሦስተኛውን በየትኛው ጉሮሮው ይጣራ?»

ያን ጊዜ ዘልማ የገመድ ጥቅል ተሸክማ መጣች።

«እማማ ዘልማ፣ አምስተኛውን ጥሪ ሊጠብቁ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ። ጥቂቶች ሳቁ።

እሷ ወደ ሳርኮ ዞረች። «ጆሮህ ደህና ነው?»

«እንደ ድኩላ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው ተከተለኝ።»

አበጋዙ በትሩን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋ። ዘልማ በትሩን በአንድ ጣት ገፋ አድርጋ አለፈች።

የዋሻው ግድግዳ እንደ ላንቃ እርጥብ ነበር። ነፋስ የለም፤ የችቦው ነበልባል ግን አንዴ ወደ ውስጥ አንዴ ወደ ውጭ ይጎነበሳል፤ አንዳች ነገር የሚተነፍስ ይመስላል። መንገዱ አምስት ቦታ በሚከፈልበት ዘልማ ቆመች። የገመዱን ጫፍ በሳርኮ ወገብ አሰረች።

«ስማኝ፣ ልጄ። ያኔ አጠገቤ የነበረች ሴት ለጠሪው አቤት አለች። ሲውጣት ዋሻው መቶ ትንፋሽ ያህል ጸጥ አለ። አፉ ሲሞላ መጣራት አይችልም። በዚያ ጸጥታ ታናሽ ወንድሜ ቲራን ሁለት ጊዜ ጠራኝ።»

«እና?»

«ሦስተኛውን ጠበቅሁ።»

ሳርኮ ችቦውን ወደ ፊቷ አቀረበ።

«ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠሪው ነው ስል ኖርሁ። ቲራን ነበር። አውቅ ነበር። ለሰው ስናገረው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ፍርሃቱ አላነሰም፤ እሷ ግን ከእሱ በልጣ ነበር።

«እኔ አቤት እላለሁ። ዋሻው ጸጥ ሲል የምትሰማው ድምፅ የሰው ነው። ወደዚያ ሩጥ። ከመቶ ትንፋሽ በኋላ ማንንም አትስማ፤ ገመዱን ብቻ ይዛችሁ ውጡ።»

«እማማ፣ ድምፅዎን እኮ...»

«ማለት ያለብኝን አልሁ አይደል? ለጎረቤት ሐሜት ላስቀምጠው?»

ከጨለማው ውስጥ የስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ መጣ። በሃምሳ ሁለት ዓመት ውስጥ አላደገም።

«ዘልምዬ!»

ሁለተኛውን አልጠበቀችም። «አቤት፣ የኔ ጌታ! አለሁልህ!»

እንደ ክረምት ውኃ የቀዘቀዘ ነገር ጉሮሮዋ ውስጥ ገባ። ዋሻው ጸጥ አለ። ከግራ በኩል፣ ከሹክሹክታ ባልበለጠ ድምፅ፣ «ሳርኮ...» የሚል ተሰማ።

እሱ ሮጠ። እሷ ገመዱን እየለቀቀች ትንፋሿን ቆጠረች። ዘጠና አራት ላይ ገመዱ ተወጠረ፤ ሳርኮ የእህቱን እጅ ይዞ ነበር፤ በሕይወት የቀሩት ጨው ቆራጮችም ከእሷ ጋር ነበሩ። ጠሪው እንደገና ሲጀምር በእናቶቻቸው ድምፅ አባበላቸው፤ እነሱ ግን ገመዱን ይዘው አለፉ።

ከዘጠኙ ሰባቱ በሕይወት ወጡ። ዘልማ ከሁሉም ኋላ ወጣች፤ ዲዳ ሆና። ከዚያም አሥራ አራት ዓመት ኖረች። በእነዚያ ዓመታት ከደጇ ቆሞ ሁለተኛ የተጣራ ሰው የለም፤ በሩ በመጀመሪያው ይከፈት ነበር።