አትሂጂ ያላለኝ ሰው

መጀመሪያ ያገኘሁት ቀን ሊያናድደኝ አስቦ አልነበረም። ተሳካለት እንጂ።

እሑድ ጠዋት ነው። ታላቅ ወንድሜ «ተነሺ፣ ሰው የሚያደርግሽ ሥልጠና አለ» ብሎ ከእንቅልፌ ቀስቅሶ ወደ ወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ወሰደኝ። አድርሶኝ ቢመለስ ደግ ነበር፤ እሱ ግን ከኋላ ወንበር ስቦ ተደላድሎ ተቀመጠ። የእኔ ወንበር አንድ እግሩ አጠር ይላል፤ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ይንገጫገጫል። አጠገቤ የተቀመጠው ረጅም ልጅ ወንበሩን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፣ ከዚያ ከኪሱ የካርቶን ቁራጭ አውጥቶ አጠፈና ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ እግር ሥር ሸጎጠው። ይቅርታ የለ፣ ላስተካክልልሽ የለ። ቀና ሲል የሱሪው ጉልበት በሲሚንቶ ነጭ ሆኗል።

በኋላ እንደሰማሁት ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠራው ውሃ ልክ እያለ ነው፣ በዚያች ወለል ቀጥ ማለቱን በሚያዩባት መሣሪያቸው። የተንጋደደ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ገብቶ የግድግዳ ፎቶ ሲያቃና ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

አሠልጣኙ ጉሮሮውን ጠረገና ያልተነገረ ግብ ከምኞት አያልፍም አለን። ግብ ግልጽ ይሁን፣ የሚለካ ይሁን፣ ቀን ይኑረው። እያንዳንዳችን ተነስተን ግባችንን በሰው ሁሉ ፊት እንድንናገር፣ አጠገባችን ያለው ሰው ደግሞ ጠያቂያችን እንዲሆን አዘዘ። ጠያቂ ማለት በየሳምንቱ «ምን ሠራሽ? ምን ቀረሽ?» እያለ የማይለቅ ሰው ነው። «ጠያቂ አያሳጣሽ» ሲሉኝ ምርቃት ይመስለኝ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ የወንድሜ ዓይን ማጅራቴን ሲያቃጥለው ይሰማኛል። አባታችን የሞተው እኔ ገና ድክ ድክ ስል ነው። ወንድሜ ትምህርቱን ጥሎ ሶፋ መሥራት ጀመረና እናታችንንም እኔንም አሳደገ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ይመኝልኛል፤ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናውን አልፌ፣ በአውቶቡስ አንድ ቀን ሙሉ የሚያስኬደው ከተማ ሂሳብ አያያዝ ተምሬ፣ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ እንድሠራ። ሱቁ ውስጥ የሶፋ ልብስ በማሽን እሰፋለሁ፤ መቀሱን ግን አያስነካኝም። «ትተሽው ለምትሄጂው ሥራ ምን አደከመሽ» ይለኛል።

ስለዚህ ተነሳሁና የእሱን ምኞት እንደ ራሴ አድርጌ ተናገርኩ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው ወንድሜ ነው። ውሃ ልክ አላጨበጨበም። ቀና ብሎ አየኝና «እሺ፣ እጠይቅሻለሁ» አለኝ።

ጠየቀኝ ደግሞ። በየሳምንቱ የተባለውን በየቀኑ አደረገው። ከሥራ ሲወጣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር የቆዩ የፈተና ጥያቄዎችን በፌስታል ይዞ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ከች ይላል። ራሴን አሞኛል ስለው «እሺ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ» ይላል። አንዷ ጥያቄ እስኪመሽ አታልቅም። መቶኛ አልገባኝ ሲል የትራፊ ጨርቅ ክምሬን አፍርሶ እያከፋፈለ አስረዳኝ። እንዲህ ያለ ችኮ ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

የእሱን ግብ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። ከተቋራጩ ሥር ወጥቶ በራሱ ስም ሥራ መያዝ ነው የሚፈልገው። ለወጉ ያህል ስጠይቀው እሱ የምሩን ይመልስልኛል፤ ይህን አደረግሁ፣ ይህ አልሆነልኝም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይህን እሞክራለሁ። ያለውንም ይፈጽማል። ይህም ያናድደኝ ነበር፤ ለራሱ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው አጠገብ መቀመጥ ቀላል አይደለም።

አንድ ቀን ጣቱን ሴራሚክ ቆርጦት መጣ። ምንም አይደለም ቢልም እጁን ስቤ በንጹሕ ጨርቅ አሰርኩለት። ቋጠሮው አልቋል፤ እጁ ግን እጄ ውስጥ ቀረ። እሱም አልሳበው፣ እኔም አልለቀቅሁት። መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል፣ እኛ አንተነፍስም። ጣቶቹ ሻካራ ናቸው፤ ልቤ እስኪሰማኝ ድረስ መታ። በመጨረሻ እጁን ቀስ ብሎ አወጣና «የሚቀጥለው ጥያቄ» አለኝ። ብነክሰው ደስ ባለኝ።

ከዚያ ወዲያ ንዴቴ መልኩን ቀየረ። ያስጠናኝ ሁሉ እኔን ከአውቶቡሱ ላይ ለመጫን ነው። ትክክል በመለስኩ ቁጥር ፊቱ ይበራል፤ ምን ያስደስተዋል እያልኩ ውስጤ ይቃጠላል። ሆን ብዬ መሳሳት ጀመርኩ። እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እንደገና ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኝ። ወንድ ልጅ እንዲህ ይደነቁራል?

ፈተናው መጣ፤ አለፍኩ። ወንድሜ ውጤቱን ሲሰማ ደንበኞች እያዩት መዶሻውን አስቀምጦ አለቀሰ። አባቴ ሲቀበር እንኳ ያላለቀሰ ሰው ነው ይሉታል። እናቴ በዚያው ቀን ልብሴን ማጠፍ ጀመረች። እንዲህ ላለ ሰው አልፈልግም ተብሎ ከየት ይጀመራል?

አመሻሹ ላይ ውሃ ልክ መጣ። ፌስታሉን አልያዘም። ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ዓይኑ ጫማዬ ላይ ነው።

«ሌላ የምትለው የለህም?»

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

ያኔ ነደድኩ። ያንን ሁሉ ምሽት ያጠራቀምኩትን ባንዴ ዘረገፍኩበት። ልብ የለህም አልኩት፣ ድንጋይ ነህ አልኩት፣ ሥራህ ከድንጋይ ጋር ስለሆነ ተጋብቶብሃል አልኩት። በመጨረሻም ጠየቅሁት። «አንዲት አትሂጂ ማለት እንዴት ያቅትሃል?»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ «በሰው ሁሉ ፊት ግቤ ነው አልሽ» አለኝ፤ «እኔ ጠያቂሽ ነኝ። መንገድሽ ላይ ቆሜ እንዴት አትሂጂ እልሻለሁ?»

«የእኔ አልነበረም። የወንድሜ ነው።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ወገቡ እየቆረጠመው፣ እራቱን ሳይበላ፣ በየምሽቱ እየመጣ ያስጠናኝ ፈልጌው መስሎት እንደሆነ ነገረኝ። እጁን ካሰርኩለት ቀን ጀምሮ እንደሚወደኝም ነገረኝ፤ ያውም ሰዓት እንደ ተጠየቀ ሰው፣ ድምፁ ከፍም ዝቅም ሳይል። ስንት ጊዜ ልሰማው የጓጓሁትን ነገር እንዴት አድርጌ እንደሰማሁት እዩልኝ።

«ታዲያ የአንቺስ ምንድን ነው?» አለኝ።

«አንተ» አልኩት፤ ያለኝን ድፍረት ሁሉ አሟጥጬ።

ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ግብ አይደለሁም። ለእኔ ብለሽ ከቀረሽ፣ የከፋሽ ቀን በእኔ ታመካኛለሽ። ዛሬ በወንድምሽ እንዳመካኘሽ።»

ሰው ልቡን አውጥቶ ሲሰጠው ሥልጠና ይሰጣል? ዓይንህን እንዳላየው አልኩና በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት። ሌሊቱን ሙሉ ስሰድበው አደርኩ። ከሁሉ ያበገነኝ እውነቱን መሆኑ ነው። ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ፤ ከእሱ በቀር የምመልሰው አላገኘሁም። አልፈልግም ማለትን ብቻ ነበር የማውቀው።

በነጋታው ሱቅ አልሄድኩም። ጎረቤታችን አንድ ተሰባብሮ የተጣለ ባለ መደገፊያ ወንበር ግቢው ጥግ ላይ ነበራቸው፤ ዶሮ ይሰፍርበታል። እጄ የሚሰብረው ነገር ፈልጎ ነበርና ለምኜ ወሰድኩት። ጉጠት ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩና የዛገውን ምስማር አንድ በአንድ እነቅል ጀመር፤ ይህ ለወንድሜ፣ ይህ ለአሠልጣኙ፣ ይህ ለዚያ ችኮ። ጨርቁን ቀደድኩት፣ ያረጀውን ስፖንጅ ቦጭቄ ጣልኩት። ከሥሩ የነበረው የሽቦ ሞላ ሁሉ በገመድ እርስ በርሱ ተያይዟል። ማን እንዳሰረው እንጃ፤ አንዱን ስጫነው ሌሎቹ አብረው ይወርዳሉ። እንዴት እንደቋጠረው ለማየት ጎንበስ አልኩ። ፈታሁት፣ መልሼ አሰርኩት፣ እንቢ አለኝ፣ እንደገና ፈታሁት። እናቴ «ምሳሽን ሳትበዪ መሸ እኮ» ስትለኝ ነው ቀና ያልኩት። ንዴቴ የት እንደሄደ አላውቅም።

ወንድሜ አሮጌ ማደስ አያዋጣም ብሎ የሚመልሳቸው ሰዎች ትዝ አሉኝ። ወንበራቸውን እያዩ ተክዘው ይወጣሉ፤ ሁልጊዜ እኔ በዓይኔ እሸኛቸው ነበር። የምፈልገው ይሄው ነው። ለካ ሳላውቀው ስፈልገው ኖሬያለሁ።

ጎረቤታችን የታደሰው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ወዲያ ወዲህ አሉ፣ ከዚያ «ይሄ የእኔ አይደለም» ብለው ተነሱ። እናቴ ምላ ተገዝታ ነው ያሳመነቻቸው።

የመሄጃዬ ዋዜማ ወንድሜ ጋ ሄድኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ አልሄድም።»

መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀጥሎ «ለዚያ ሴራሚክ አንጣፊ ብለሽ ነው» አለ። ከእሱ ጋር እንደማንነጋገር፣ አሮጌ ወንበር እያደስኩ መኖር እንደምፈልግ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። «እኔ ትምህርቴን የተውኩት ለማን ብዬ ነው?» አለኝ።

«ለእኔ ብለህ ነው። እስክሞት አልረሳውም። ግን መማር የሚያምርህ አንተ ነህ፤ እኔን ልከህ አንተ አትማርም።»

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ከነገ ጀምሮ እዚህ ሱቅ እግርሽ እንዳይረግጥ አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ መንገድ ለመንገድ ግን እንደ ሕፃን አነባሁ። በንዴት ይሁን በኀዘን ዛሬም አልለየሁትም።

በማግስቱ በረንዳችንን ጠርጌ ሥራ ጀመርኩ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሦስት ወንበር አድሼ አስረክባለሁ ብዬ ለእናቴ ጮክ ብዬ ነገርኳት። ግልጽ፣ የሚለካ፣ ቀን ያለው። ያ አሠልጣኝ ያለው ሁሉ ልክ መሆኑ ራሱ አበሳጨኝ። የመጀመሪያው ወንበር መደገፊያው ጎብጦ ተመለሰብኝ። ስፖንጁን በእርግጫ መታሁት፣ ከዚያ እንደገና ፈታሁት። ሁለተኛው ተሻለ። በወሩ መጨረሻ ሦስት ሳይሆን ሁለት ነበር ያስረከብኩት፤ ሦስተኛውን በሚቀጥለው ወር ጨረስኩ። መቅረቴን ለውሃ ልክ አልነገርኩትም። ምን ቤት ነኝና? ግብ አይደለሁም ብሏል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበር እያለበስኩ ሳለ የግቢው በር ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ውሃ ልክ ነው። ሮጦ እንደመጣ ደረቱ ይነሳል፣ ይወርዳል። የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም ነበር።

«አልሄድሽም» አለ።

«አልሄድኩም።»

በተራው ያጠራቀመውን ዘረገፈብኝ። ወለል የሚያነጥፍበት ቤት ውስጥ ወንበር ላይ አረፍ ቢል ማን አደሰላችሁ ብሎ ጠይቋል፤ የቤቷ እመቤት የእኛን ግቢ ጠቆመችው። ሄዳለች ብሎ በሰፈራችን ሳያልፍ ያን ሁሉ ጊዜ ራሱን ሲበላ ከርሟል። ቀኑን ከሰው ጠይቆ፣ የመሄጃዬ ቀን ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተራ ሄዶ፣ በየመስኮቱ አንጋጦ እየፈለገኝ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ እስኪወጣ ቆሟል። ያን ሁሉ ትልቅ ነገር ከተናገረኝ በኋላ ሊለምነኝ ነበር የመጣው። ሳያገኘኝ ሲቀር ቀድሜ የሄድኩ መስሎት ተመለሰ።

«አንዲት ቃል መላክ እንዴት አቃተሽ?» አለኝ።

«ለምን ብዬ? ግብ አይደለሁም ያልከኝ አንተ ነህ። ስለ አንተ ብዬ መስሎህ ከሆነ የመጣኸው ተመለስ። ስለ አንተ ብዬ አልቀረሁም።»

«አውቃለሁ» አለ። «ለዚያ ነው አሁን ልለው የምችለው።»

«ምኑን?»

«አትሂጂ።»

ይህን ያህል ጊዜ የጠበቅሁት ቃል፣ ሻንጣዬ ተፈትቶ፣ እጄ በሙጫ ተጨመላልቆ፣ ፀጉሬ ላይ የስፖንጅ ብናኝ ተጣብቆ ሳለ መጣ። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል ይበልጥ ተናደድኩ። እሱም ዓይኑ ቀልቷል፤ አንድ እርምጃ ቀረብ አለና ቆመ።

«የት ልሄድ?» አልኩት። «ነገ የማስረክበው ወንበር አለብኝ። ና፣ በዚህ በኩል ወጠር አድርገህ ያዝልኝ።»

መጥቶ ያዘ። ጨርቁን ምስማር መትቼ እስክጨርስ ድረስ ሁለታችንም እንደተቆጣን ነበርን።