ጭነት ሲኖራት መሬት ትይዛለች

«ያዙ!» አለ ነስሩ፣ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጦ።

ባጃጇ ቁልቁለቱን ተንሸራትታ፣ ቆጮ ተሸክመው መንገድ ሲያቋርጡ የነበሩ እናት እግር ስር ደርሳ ቆመች። እናትየው ሸክማቸውን አስተካክለው፣ ነስሩን በቁጣ አይተውት ወደ ገበያው ሄዱ። ከኋላ የተቀመጡት ሦስት የሰፈር ልጆች ሳቁ። ከፊት በነስሩ ግራና ቀኝ የተለጠፉት ሒባና ጓደኛዋ ሜሪ ግን አልሳቁም።

«ባዶ ስትሆን እኮ ቀድማ ነው የምትቆመው» አለች ሒባ።

«ባዶማ ትዘላለች። ጭነት ሲኖራት ነው መሬት የምትይዘው» አላት ነስሩ።

ነስሩ ታላቅ ወንድሟ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወዲህ ስለ ባጃጅ የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል። ዲላ ውስጥ ቤንዚን ለመቅዳት ግማሽ ቀን ተሰልፎ ስለሚውል፣ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን በአንድ ዙር አግበስብሶ ትምህርት ቤት ያወርዳል። ሁለቴ መመላለስ ለእሱ ቤንዚን መሬት ላይ እንደ መድፋት ነው።

የዚያን ቀን ቲቸር ግዛቸው ፎርስ ማለት ማስ ሲባዛ በአክሰለሬሽን እንደሆነ ሲያስረዱ ሒባ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ፍሬንም ፎርስ ነው?»

«እንዴታ! አክሰለሬሽን መፍጠን ብቻ መሰለሽ? ፍጥነት መቀነስም ያው ነው።»

«ታዲያ ፎርሱ ሳይጨምር ማሱ ብቻ ቢጨምርስ?»

ቲቸር ጠመኔውን አስቀምጠው ፈገግ አሉ። «እሱን አንቺው ንገሪኛ!»

ሒባን አንድ ነገር ከከነከናት አለቀ። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሊወስዳቸው የመጣውን ነስሩን ለምና ለምና፣ ጭር ያለ ሜዳማ መንገድ ላይ አስቆመችው። መጀመሪያ ሁሉም ወርደው፣ ነስሩ ባዶዋን ባጃጅ በሰላሳ ፍጥነት ነድቶ የመብራት ምሰሶው ጋ ሲደርስ ፍሬን ያዘ። የቆመችበት ቦታ ላይ ሒባ የኮባ ቅጠል አስቀመጠች። ከዚያ ሁሉም ተሳፈሩ። ያው ፍጥነት፣ ያው ምሰሶ፣ ያው ፍሬን።

ባጃጇ ቅጠሉን ጨፍልቃ አለፈች።

«ቀስ ብለህ ነው የረገጥከው!» አለች ሜሪ።

«ወላሂ፣ እንደ ቅድሙ ነው!» ነስሩ ወርዶ ጎማውን አየ፤ ተመልሶ የተጨፈለቀውን ቅጠል አየ።

«ገባኝ!» ሒባ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «ሞመንተም ነው! ማስ ሲባዛ በፍጥነት። ሰው ስንጨምር ሞመንተሙ ይጨምራል፤ ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው። ስለዚህ ለማቆም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያ ደግሞ ባጃጇ እየሄደች ነው።»

የመጨረሻውን ቃል ስትናገር ጠዋት ቆጮ ተሸክመው ያዩዋቸው እናት ትዝ አሏት። ደስታዋ ወዲያው ጠፋ።

«ነገ ፈተና አለሽ አይደል? እሱን አጥኚ» አለ ነስሩ፣ አንገቱን ደፍቶ ሞተሩን እያስነሳ።

በማግስቱ ጠዋት ዝናብ አካፍቶ መንገዱ ረጥቧል። ያው አምስቱ ተማሪዎች ተጠቅጥቀዋል። ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርሱ ሒባ «ወራጅ አለ!» አለች።

ነስሩ ቆመ። «ምን ሆነሻል? ፈተናሽስ?»

«ስንቀንስ ቶሎ ትቆማለች» አለችና ወረደች።

ሜሪ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ እሷም ዘላ ወረደች። «ፈተናው ካመለጠኝ ግን ባንቺ ነው!»

ነስሩ ከኋላ ያሉትን ሦስቱን ዞሮ አያቸው፤ ቁልቁለቱንም አየ። «እዚሁ ጠብቁኝ። አድርሻቸው እመለሳለሁ» አለ።

«ቤንዚኑስ?» አለች ሒባ።

«እሱ የኔ ጣጣ ነው!»

ባጃጇ ቀስ ብላ ወረደች። ትንሽ ቆይቶ የትምህርት ቤቱ ደወል ከታች ተሰማ።

«እንሩጥ!» አለች ሜሪ ቦርሳዋን እያጠበቀች። «በሩ ሳይዘጋ እንደርሳለን።»

ሒባ ቁልቁል አየች። እውነት ነው፤ ብትሮጥ ትደርሳለች። ነስሩ ግን ያንን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ካጣት፣ ሌላ ቀን ሁለቴ የሚመላለስ አይመስላትም።

«አንቺ ሩጪ» አለቻት።

ሜሪ እየሮጠች ወረደች። ሒባ መንገዱ ዳር ቆማ ወንድሟን ጠበቀች።