ድንጋይ የመሰለ ጎማ

«ኧረ ያዙኝ! ኧረ ያዙኝ!» አለ አባቷ፣ ሊይዘው የሚችል ሰው በሌለበት ሜዳ መሀል።

ትራክተሩ ማረሻውን አፈር ውስጥ ነክሮ መሳብ ሲጀምር ያው አመሉ ተነሳበት። መጀመሪያ አፍንጫው ነቅነቅ አለ፤ ከኋላ ያለው ተቀበለው፤ ወዲያው ያ ሁሉ ብረት ልጓሙን እንደበጠሰ ፈረስ ይዘል ጀመር። አባቷ ከወንበሩ ተነጥሎ ወደ ላይ ይነሳል፣ ተመልሶ ዱብ ይላል። በመጨረሻ ነዳጅ መስጫውን ለቀቀ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ወገቡን በሁለት እጁ ደግፎ ወረደ።

«አየር ጨምሪበት» አላት ትልሙ ዳር ለቆመችው ልጁ።

«አባዬ፣ ጠዋት ጨምረንበታል እኮ።»

«አልበቃውማ!» እግሩን አነሳና የኋላውን ጎማ በጫማው ጠለዘው። «ስሚው፣ ገና ነው። ጎማ ማለት ድንጋይ ነው። የላላ ጎማ የሰነፍ ሾፌር ነው።»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ሰማይ ሰቀለች። ይህችን አባባል በዚህ ሳምንት ብቻ ከሃያ ጊዜ በላይ ሰምታታለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከወሬ ይልቅ ጥያቄ ስለምታበዛ ቤት ውስጥ ስሟ ከተረሳ ቆይቷል፤ «ጥያቄ» ነው የሚሏት።

አባቷ ለሃያ ዓመት የተሳቢ ሾፌር ነበር። ለተሳቢ ያለው ልክ ነው፤ ያን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ አስፋልት ላይ ለሚሮጥ ጎማ መጠንከር ይበጀዋል። ይሄ ግን እርሻ ነው። የመመሪያው መጽሐፍ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ወንበሩ ሥር ሁለት ዓመት ተኝቶ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት እሷ ቀደደችው። ትራክተር ከባድ ነገር ሲስብ ከዘለለ የኋላ ጎማዎቹን አየር ቀንሱ፣ ተዘርግተው አፈሩን እንዲቆነጥጡ፤ የፊቶቹን ጥቂት ጨምሩ፤ ክብደቱንም አንድ ወገን አትከምሩ፣ ለፊትና ለኋላ በልኩ አካፍሉት ይላል። ሦስት ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችለት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ስንት ዓመት ነድቷል?» አላት በሦስተኛው።

«እኔ ምን አውቄ!»

«እንግዲያውስ! ሙድ ልትይዢብኝ ነው?»

ብሎ አራት ጆንያ አሸዋ ከፊቱ ብረት ላይ በገመድ አሰረ። ትራክተሩም ከነአሸዋው ዘለለ።

«ስሚኝ» አለ አሁን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስከ ማታ ካልተስተካከለ ነገ ገዢ እጠራለሁ። ወደ ተሳቢዬ እመለሳለሁ። ቢያንስ እሱ አይዘልብኝም።»

ተሳቢውን እሷ አልረሳችውም። አባቷ ተሳቢ በሚነዳበት ዘመን በወር አራት ቀን ነበር ቤት የሚያድረው። በመጣ ቁጥር «ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?» ይላት ነበር፤ አንድ ዓመት ሁለት የተለያየ ክፍል ነገረችው፣ ሁለቱንም አመነ።

እሱ ዛፉ ጥላ ሥር ወገቡን ሊያሳርፍ ጋደም ሲል እሷ ከአየር መሙያው ኮምፕሬሰር ጋር ቀረች። የአየር መለኪያውን የኋላው ጎማ ላይ ሰካች። ሠላሳ ሁለት። መጽሐፉ ለዚህ ሥራ አሥራ አራት ነው የሚለው። ወደ ዛፉ አየች፣ ወደ መለኪያው አየች።

«ደበረኝ!» አለች ለራሷ፣ ኮምፕሬሰሩንም አስነሳችው።

ጩኸቱ ሜዳውን ሞላው። በዚያ ጩኸት ውስጥ ከኋላዎቹ ጎማዎች አየር ስታስተነፍስ ፉጨቱን የሰማ የለም። ደጋግማ ለካች፤ ሁለቱን አሥራ አራት ላይ አቆመች። የፊቶቹን ግን በእርግጥም ጨመረች፤ ይህ ሙሉ በሙሉ ውሸት እንዳይሆንባት ነበር መሰለኝ። ቀጥሎ የጆንያዎቹን ገመድ ፈታች፤ አንድ በአንድ ዱብ ዱብ አሉ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አባቷ ከጥላው።

«ገመዱ ላልቶ ነበር!»

«ተይው፣ እሱም አልረባም።»

መጣ። እንደ ልማዱ ጎማውን ሊጠልዝ አሰበና ወገቡ እግሩን እንዲያነሳ አልፈቀደለትም። እያቃሰተ ወጣ።

ማረሻው አፈሩን ነከሰ። ልጅቷ ጥርሷን ነከሰች። አፍንጫው ነቅነቅ አለ፤ አሁን ይጀምራል ስትል ተወው። የኋላ ጎማዎቹ ሆዳቸውን አፈሩ ላይ ዘርግተው እየቆነጠጡ ሄዱ። አባቷ ሜዳው ጫፍ ደረሰ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። ከወንበሩ አንዴም አልተነሳም።

ሲወርድ ፊቱ በርቷል።

«አየሽ? አየሽ አይደል? አየር ነው አላልኩም?»

ልትነግረው ስትል እሱ ስልኩን አውጥቶ እየደወለ ነበር።

የሚደውለው «ፍሬን» ለሚሉት ለድሮ የተሳቢ ጓደኛው ነው። አብረው ተሳቢ ነዱ፣ አብረው አንድ ዓይነት ትራክተር ገዙ፤ የሁለቱም ይዘላል።

«አንተ! ተገኘ መድኃኒቱ!» አለ አባቷ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ። «ንፋው! ድንጋይ አድርገህ ንፋው! የኔው አሁን ውሃ ላይ እንዳለ ጀልባ ነው የሚሄደው።»

«ተው እንጂ!» አለ ፍሬን። «እኔ እኮ የማርሰው ጥልቁ ቦይ አፋፍ ላይ ነው። ትናንት ዘሎ ዘሎ አንድ ጎማው ጠርዙን ለቆ ነበር። ነፍሴ ናት የተረፈችው።»

«እንግዲያ አሁኑኑ ጨምርበት! ሠላሳ አምስት፣ አርባ አድርሰው።»

«ጓዴ፣ አንተ ካልክ እሺ። መሙያው እዚሁ ነው።»

ዝም ብትል ነገ ገዢ አይመጣም። ዝም ብትል አባቷ ማታ ቤቱ ይገባል፤ ስንተኛ ክፍል እንደሆነችም ሳይጠይቅ ያውቃል፤ ፍሬን ደግሞ ጎማውን ነፍቶ፣ የባሰ በሚዘል ትራክተር ቦዩ አፋፍ ላይ ይሄዳል። ብትናገር ግን አመሉን ታውቀዋለች፤ እልህ ይዞት ሁሉንም መልሶ ሠላሳ ሁለት ሊያደርገው ይችላል፤ ከዚያ ማታ፣ ከዚያ ገዢ፣ ከዚያ ተሳቢ። ሰው ልክ ሆኖም እንዲህ ይቃጠላል? አልፎ አልፎስ ቢሆን የሚሰማ አባት ቢሰጣት ምን ነበረበት?

«በል፣ ደህና ዋል፣ ልዝጋው…» አለ አባቷ እየሳቀ። አውራ ጣቱ ወደ ስልኩ ሄደ።

ትኩሱን ትልም ተሻግራ አጠገቡ ደረሰች።

«አባዬ፣ አትዝጋው።»

«ምነው?»

«የምነግርህ አለ። እሱም ይስማው።»