ጀርባውን የሰጠው ባለ አካፋ

አብዱልባሲጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ግንባሩን ኮምፒውተሩ ፊት ደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ ተመትቷል። ከእግሩ ሥር አፈር የደረቀበት አካፋ ወድቋል። ደሴ ፒያሳ ያለችው ጠባብ የፊልም ማቀናበሪያ ክፍሉ መስኮት በጉም ስለተሸፈነ፣ የነጋም አይመስልም ነበር።

ኢንስፔክተር ሰዒዳ በሩን አየችው፤ አልተሰበረም። ከሟቹ ጎን ሌላ ወንበር ተጠግቷል፤ ፊቱም ወደ ስክሪኑ ነው።

«ገዳዩን ይዘናል» አላት ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ። «አካፋው የሙንዚር ነው። ከትናንት በስቲያ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል።»

«በገዛ አካፋው ገድሎ፣ አካፋውን ትቶልን ሄደ?»

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አካፋውን ደግሞ አየው።

ደረጃው ላይ የሟቹ እህት ረውዳ ተቀምጣለች። ሟቹ ሲሠራው በነበረው ፊልም መሪ ተዋናይ እሷ ነበረች። «ነገ ከዙሁር ሶላት በኋላ ይቀበራል» አለች። «ያ ሙንዚር የሚሉት ጀናዛው አጠገብ እንዳይደርስ!»

ሙንዚር ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ከሟቹ ጋር ቢስቲማ አብረው አድገዋል፤ በፊልሙ አካፋ ይዞ የሚታየውም እሱ ነው።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ሰዒዳ ጣቢያ ስታገኘው።

«በፊቴ! ሁለት ወር ሙሉ ጀርባዬን ብቻ ቀረጸ። እማዬ ሲኒማ ገብታ በማጅራቴ ልትለየኝ ነው? አልኩት። እሱ ይስቃል።» ሙንዚርም ሊስቅ ሞክሮ አቃተው። «ወላሂ አልገደልኩትም። እሰሩኝ፣ ግድ የለም። ጀናዛው ላይ ግን ልቁም። ነገ ካልቆምኩ፣ ቢስቲማ ላይ ዕድሜ ልኬን ገዳይ ሆኜ ነው የምቀረው።»

ሰዒዳ ስለ ፊልሙ ጠየቀችው። አንዲት ሴት የጠፋ ባሏን በህልሟ ትፈልጋለች። በሄደችበት ሁሉ አንድ ባለ አካፋ ከኋላ ያልፋል፤ አይናገርም፣ ፊቱም አይታይም። መጨረሻ ላይ ቆሞ ጉድጓድ ይደፍናል።

«ሰውየው ማነው?»

«ቀባሪ ነዋ። አብዱልባሲጥን ስጠይቀው ‹በህልሜ አየሁት እንጂ እኔም አላውቀውም› አለኝ።»

ያንኑ ጥያቄ ለረውዳ አቀረበችላት።

«መርሳት ነው» አለች ረውዳ። «እኔ የምፈልገውን ሁሉ እየተከተለ አፈር ያለብሰዋል።»

ካሜራ የያዘው ምንይሉ ደግሞ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሞት ነው። ሞት ፊቱን መቼ አሳይቶ ያውቃል?»

«የመጨረሻውን ትዕይንት የት ቀረጻችሁት?»

«ቢስቲማ ነበር የታሰበው። ዝናቡ መንገዱን ሲቆርጠው ኮምቦልቻ ወርደን፣ በጋሽ ስማቸው አሮጌ ጋራዥ ጓሮ ሠራነው። እሳቸው አዲስ አበባ ስለነበሩ አልነገርናቸውም። ጥበቃው ያውቀናል።»

«አብዱልባሲጥን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ትናንት ለመግሪብ ሶላት ስወጣ። ያቺኑ ትዕይንት ይዞ ነበር። ጎደለኝ ይላል፣ ምን እንደጎደለው ግን አያውቀውም።»

ጋሽ ስማቸው የፊልሙን ወጪ የቻሉ ሰው ናቸው። ኮምቦልቻ ውስጥ የከባድ መኪናዎች ባለቤት ናቸው። ቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ከአንድ ወጣት ጋር የተነሡት ፎቶ ተሰቅሏል።

«ሸሪኬ ዳምጤ ነው» አሉ፣ ዓይኗን ተከትለው። «ጂቡቲ ወርዶ በዚያው ቀረ። ተቀመጪ ልጄ። ምን ልታዘዝ?»

«ጋሽ ስማቸው፣ ፊልሙን አይተውታል?»

«ኧረ የት ጊዜ አለኝ! ጽሑፉን አንብቤያለሁ። ቢስቲማ እንደሚቀርጹ ነግረውኛል። ትናንት ደሴም አልወጣሁ።»

«ያ ባለ አካፋ ለእርስዎ ማን ይመስልዎታል?»

ሰውየው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣመሩ። «ለኔ ምስክር ነው። የተደበቀውን፣ አፈሩን እያነሳ ያወጣዋል።»

ሰዒዳ አመስግና ወጣች። ደሴ ተመልሳ፣ ሟቹ ሲሠራበት የነበረውን የመጨረሻ ትዕይንት ከፈተች። አየችው። ደግማ አየችው። ከዚያ ስልኳን አንስታ ወደ ኮምቦልቻ ፖሊስ ደወለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አራቱንም እዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሙንዚር እጁ በካቴና ታስሯል። ረውዳ ፊቷን ከሱ አዙራለች። ጋሽ ስማቸው ሰዓታቸውን ያያሉ።

«የመጣነው ለቀብር ነው ወይስ ለሲኒማ?» አሉ።

ሰዒዳ ስክሪኑን አበራችው። የሙንዚር ጀርባ ታየ። አፈሩ ከመሬት እየዘለለ አካፋው ላይ ያርፋል፤ ከአካፋው ወደ ክምሩ ይሄዳል። ጉድጓዱ ቀስ እያለ ተከፈተ።

«ወደ ኋላ ነው የሚሄደው!» አለ ምንይሉ ብድግ ብሎ። «እኛ የቀረጽነው ሲደፍን ነው!»

«አንተ ስትወጣስ?»

«ሲደፍን ነበር።»

«እንግዲህ የገለበጠው ብቻውን ሲቀር ነው» አለች ሰዒዳ። «ባለ አካፋው ማነው ብዬ ሁላችሁንም ጠይቄ ነበር። ቀባሪ፣ መርሳት፣ ሞት አላችሁኝ። ትርጉሙ ቢለያይም የሰውየው ሥራ አንድ ነው፤ አፈር ይመልሳል። ጽሑፉም የሚለው ያንኑ ነው። አፈር እያነሳ ያወጣል ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ጋሽ ስማቸው ሳቁ። «ልጄ፣ የመሰለኝን ብናገር ወንጀል ነው?»

«ትርጉም የመሰለዎትን ይስጡ። የሰውየው እጅ የሚሠራው ግን ታይቶ ነው የሚታወቅ። እርስዎ እዚህች ወንበር ላይ፣ ከአብዱልባሲጥ ጎን ተቀምጠው አይተውታል። ለምን ካዱኝ? ቢስቲማ ይሆናል ያሉት ቦታ የራስዎ ጓሮ ሆኖ አገኙት፤ እዚያም ሰው መሬት ሲከፍት አዩ። ዛሬ ጠዋት እኛም እዚያው ቆፈርን።»

ሳቁ ቆመ።

«ዳምጤ ጂቡቲ አልወረደም፣ ጋሽ ስማቸው። መንጃ ፈቃዱ ከአጥንቱ ጋር ወጥቷል።»

«ያውቅ ነበር!» ጋሽ ስማቸው ጮኹ። «ዓይን ዓይኔን እያየ ‹እንዴት ነው ጋሼ?› አለኝ። ሊያዋርደኝ፣ ሆን ብሎ ነው የጠራኝ! አካፋው በር ሥር ቆሞ ነበር...»

ረውዳ ስልኳን አወጣች። «ያን ማታ ድምፅ ልኮልኝ ነበር» አለች። «እስካሁን መክፈት አቅቶኝ ነው።» ተጫነችው።

የአብዱልባሲጥ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ረውድዬ፣ መጨረሻውን ገለበጥኩት። ምን ማለት ነው እንዳትይኝ፤ ወላሂ እኔም አላውቅም። አፈሩ ወደ ላይ ሲዘንብ አየሁና ደስ አለኝ፣ በቃ።»

ጋሽ ስማቸው ስክሪኑን አዩ፣ ስልኩን አዩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ምንም አያውቅም ነበር» አለች ሰዒዳ በዝግታ። ካቴናውን ከሙንዚር እጅ ፈታ፣ ጋሽ ስማቸውን እንዲያስርበት በር ላይ ለቆመው ፖሊስ ሰጠችው።

የዙሁር አዛን ተሰማ። ሙንዚር የተፈታ እጁን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ መሄድም መጠየቅም ፈራ። ረውዳ በሩ ጋ ደርሳ ዞረች።

«ምን ትጠብቃለህ? ከቢስቲማ የመጡት መስጊድ በር ላይ ናቸው።»

«እኔም... ልሂድ?»

«አንተ ከሌለህ» አለች፣ «ወንድሜን ማን ይሸከምልኛል?»