አብሮኝ የማይበላው አከራዬ

ውሸት ነው የሚል ካለ ከአሁኑ ይነሣና ይሂድ። እኔ ደስታነሽ በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምናገረው።

ደግሞ ሌሊት ነበር ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ቀን ነው። ስድስት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ... ቡሬ ላይ፣ ጣሊያን ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን።

ታናሽ ወንድሜ ታከለ አርበኛ ነበር። በጥቅምት ከፈረስ ቤት ተነሥቶ ጥይት ሊፈልግ ወደ ቡሬ ወረደ።

በዚያው ቀረ።

ሞቷል ተባለ። ማን ገደለው? አይታወቅም። ሬሳውስ? የለም። ሬሳው ሳይገኝ ምኑ ይፈታ፣ ምኑ ይቀበር? እናቴ ደረቷን እየደቃች "ልጄ አፈር እንኳ ይነፈገው?" ትላለች።

እኔ አላለቀስሁም። አንጀቴ አርሮ ነበር። አጥንቱን ሳላገኝ፣ ደሙንም ሳልመልስ ፈረስ ቤት አልገባም ብዬ ማልሁና ወረድሁ።

ቡሬ ያን ጊዜ የሰው አገር ነበረች። ባንዲራው የሰው፣ ሕጉ የሰው፣ ቋንቋው የሰው። የወታደር ልብስ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። እጄ የጣሊያን ሸሚዝ ያሻል፣ ጆሮዬ ወሬ ይለቅማል።

ማደሪያ ግን ጠፋ። በሄድሁበት ሁሉ "የጣሊያን አጣቢ አናስጠጋም" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን አላስጠጋም።

ኋላ ገበያ ላይ ጨው የምትሸጥ ናዚፋ የምትባል ሴት አዘነችልኝ።

"አያ ላቀው ግቢ አንዲት ጓዳ አለች" አለችኝ በሹክሹክታ። "ግን ሰው አይከርምባትም።"

"ለምን?"

"እንጃ። ቀትር ላይ... ብቻ እንጃ።"

አያ ላቀው ጣሊያን ጭቃ ሹም ያደረገው፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሽበታም ሰው ነው። ያኔ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ አንቱታውን አንሥቻለሁ።

በር ከፍቶ አየኝ። ብዙ አየኝ።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የሩቅ ነኝ። ከአዴት።"

"ከአዴት..." አለና ራሱን ነቀነቀ። "ግቢ ልጅየ። ግቢ።"

እሱ ግን የጓዳዋ ደጅ ላይ ቆመ እንጂ እግሩን ወደ ውስጥ አላስገባም።

ጓዳዋ ጠባብ ናት። አንድ በር፣ አንድ የጭቃ መደብ። ግድግዳው ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል፤ መደቡ ግን አዲስ ነው። ወለሉን በእበት ለቀለቅሁ፣ ቀሚሴን ሰቀልሁ፣ ቁርበቴን መደቡ ላይ አነጠፍሁ። ወይ ማደሪያ ማግኘት! ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ታዲያ ቀትር ላይ ምሳዬን ልበላ ስመጣ...

ቁርበቱ ሞቆ አገኘዋለሁ።

ሰው ተኝቶበት አሁን የተነሣ ይመስላል። በሩ እኔው እንደዘጋሁት ነው። ፀሐይ የማይገባበት ጓዳ እኮ ነው!

ድመት ይሆናል አልሁ። በማግስቱም ሞቀ። ሌላ ቀን ደግሞ መካከሉ ጎድጉዶ አገኘሁት... በሰው ጀርባ ልክ።

ፈራሁ። ግን የት እሄዳለሁ? ማን ያስጠጋኛል?

አንድ ረቡዕ ሽሮ በቅቤ ሠርቼ አከራዬን ጠራሁት። ቤት የሰጠን ሰው አለማብላት ነውር ነው።

"አያ ላቀው፣ ይምጡ እንብላ።"

"ጾም ነኝ ልጅየ" አለና ፈጥኖ ዞረ።

እንጀራውን እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ።

ጾም? ፋሲካ ገና ማለፉ ነው! በበዓለ ሃምሳ ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም ሕፃን ያውቃል። ድንጋጤ ነው እንዲያ ያናገረው። በእኛ አገር ደግሞ ደም የተቃባ ሰው ከደመኛው ጋር አንድ ገበታ አይቀርብም።

ሌላ ምክንያት ፈለግሁለት። አጣሁ።

ማን እንደሆንሁ አውቋል፤ የታከለም ደም ያለው እሱ እጅ ላይ ነው አልሁ።

እሑድ ዶሮ ሠራሁ። ጎረቤቱንና የሰፈሩን ቄስ አባ ክንፈሚካኤልን የቤት መግቢያ ብዬ ጠራሁ። ናዚፋም መጣች፤ የክርስቲያን ሥጋ ስለማትበላ ቆሎዋን ይዛ ጥግ ተቀመጠች። ለሁሉም ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አቀረብሁ። ለላቀው ግን ለክብሩ ነው ብዬ ጓዳ ውስጥ አቀረብሁለት። መቀነቴ ውስጥ ቢላዋ ሸጉጫለሁ።

"እኔ... ይቅርብኝ" አለ።

"ምን ነካህ ላቀው! ልጅቱን አታሳፍራት፣ ግባ!" አሉት አባ።

ሰው ፊት ምን ይበል? ገባ። ሌላ መቀመጫ የለም፤ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ላቡ ይንጠፈጠፋል።

ጠቅልዬ አጎረስሁት። ዋጠ።

"የታከለ እህት ነኝ" አልሁት።

"አውቃለሁ" አለ በሹክሹክታ። "በር ላይ ሳይሽ ነው ያወቅሁሽ።"

"ታዲያ ለምን አስገባኸኝ?"

"እሱ ነው ያዘዘኝ... በየቀትሩ ይጠራኛል... 'እታለም ትመጣለች፣ ክፈትላት' ይለኛል።"

እጄን ወደ መቀነቴ ሰደድሁ።

"እንዴት ገደልኸው?"

"እንግዳዬ ነበር። ምሳ አቅርቤለት ሲበላ... ከኋላው መታሁት። ጠመንጃውን ለጣሊያን ሰጥቼ ተሾምሁ።"

"ሬሳውስ?"

ቀስ ብሎ ወደ ታች አየ... ወደ ተቀመጠበት።

ወንድሜ ላይ ነው ስተኛ የከረምሁት።

ቢላዋዬን መዘዝሁ። ያን ጊዜ ከመደቡ ውስጥ፣ የማውቀው ድምፅ...

"እታለም... ለኔ ተይልኝ።"

"ታከለ?"

"ውጪ። በሩን ዝጊው።"

ላቀው ሊነሣ ሞከረ። አልቻለም። መደቡ ላይ እንደተቀመጠ ይንፈራገጣል።

"ልጅየ... ስለ ማርያም... ጥለሽኝ አትሂጂ!"

ወጣሁ። ዘጋሁት። ዛሬም አይቆጨኝም።

ከውስጥ ይሰማል።

"በቃኝ... በቃኝ..." ይላል ላቀው።

"በሞቴ" ይላል ያኛው። "በሞቴ... አንዴ ብቻ።"

"በቃኝ አልሁ!"

"በሞቴ።"

ከዛፉ ሥር የጎረሰው ሁሉ ማላመጡን ተወ። ናዚፋ "አዑዙ ቢላህ" ብላ ፊቷን ሸፈነች።

"ከላቀው ጋር ማን አለ?" አሉ አባ።

"ማንም" አልሁ።

ከዚያ ጸጥ አለ።

በሩን ስንከፍተው ላቀው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ዓይኑ ፈጥጧል፤ አፉ እስከ ጉሮሮው በእንጀራ ታጭቋል። ሞቷል። ገበታው ባዶ ነው።

"መደቡን አፍርሱልኝ!" ብዬ ጮህሁ። አንዲት ስንጥቅ እንኳ አልነበረበትም፤ በዶማ ነው የፈረሰው።

ታከለ እዚያ ነበር። ሥጋው አልቆ አጥንቱ ቀርቷል። እናቴ የፈተለችው ማተብ አንገቱ ላይ ነው። ኋላ ፈረስ ቤት ወስጄ አስፈትቼ፣ እናቴ በእጇ አፈር አልብሳዋለች። እፎይ ብላለች።

ያን ቀትር ግን አባ ክንፈሚካኤል ሊጸልዩ ያነሡትን መስቀል መልሰው አወረዱ። ሁላችንም የታከለን ቀኝ እጅ እያየን ነበር።

የጣቶቹ አጥንት በዶሮ ወጥ ቀልቷል... ወጡ ገና ይተናል።