«ዓይንሽን ጨፍኚ»

ሱሀይራ ነጅሙዲንን ያገኘችው አጉል ቦታ ላይ ነው። ሳቢያን ሰፈር ባለው ጂም በገባች በመጀመሪያው ቀን ከባዱን ብረት ብድግ አደረገችና ወገቧ ተቆለፈ! መያዝም መጣልም አቅቷት ቆማ ቀረች።

«አቦ ቀስ! ብረቱ የት ይሄድብሻል?» አሰልጣኙ ነጅሙዲን እየሳቀ ብረቱን ተቀበላት። «መጀመሪያ ንገሪኝ፤ ለምንድነው የምትሠሪው?»

«ለጤና።»

«እሱን ሁሉም ይላል። እውነቱን።»

ወገቧን እያሸች ፊቷን አዞረች። እሱም አልገፋትም፤ ባዶ እጇን ቁጭ ብድግ ያሠራት ጀመር።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። ትንፋሽሽን አዳምጪ። ክብደቱ የት እንዳረፈ ይሰማሽ፤ እግርሽ ላይ ነው ወይስ ወገብሽ ላይ?»

ሌላው አሰልጣኝ በጩኸት ያጣድፋል፣ እሱ ግን ታጋሽ ነው። እንዲህ ያለ ወንድ ደግሞ፣ ወላሂ፣ ልብ ያሸፍታል!

ፀሐይዋ ሳትበረታ በጠዋት ትመጣለች፤ ሲጨርሱ በር ላይ ሻይ ይጠጣሉ። አንድ ቀን ራሷ አወጣችው።

«ሆዮ፣ እናቴ፣ ግማሽ ጎኗ አይታዘዝላትም። ከአልጋ የማነሳት እኔ ነኝ። አንዴ ከእጄ ወደቀች...» እንባዋ መጣ። «ሰው እንዲያያት አትፈልግም። ለጎረቤት ጅጅጋ ሄዳለች ብለናል። አደራህን!»

«በእኔና በአንቺ መሀል ይቀራል። ሆዮሽ ትንሽ ሻል ሲላት ሽማግሌ እልካለሁ።»

ከዚያ በኋላ ብረት ባነሳች ቁጥር ዓይኗን ጨፍና እናቷን ታስባለች። እሱ አጠገቧ ቆሟል፤ ምን ያስፈራታል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ደሄቦ ስልኳን ይዛ እነሱሀይራ ቤት ዘው አለች፤ እናትየዋን አልጋ ላይ አየቻት።

«ሃዎ! እዚህ ነሽ እንዴ? ምነው ደበቅሽን?»

ስልኩ ላይ የጂሙ ማስታወቂያ ቪዲዮ ተከፍቷል፤ ሱሀይራ ናት። ዓይኗን ጨፍና ብረት ታነሳለች፤ ከንፈሯ «ሆዮ... ሆዮ...» ይላል። ከላይ የነጅሙዲን ድምፅ ይሰማል፦ «ይህች ልጅ ሽባ እናቷን ለመሸከም ነው የምትሠራው። አንቺስ ለምን ትሠሪያለሽ? ነይ፣ እኛ ጋ ተመዝገቢ!»

እናቷ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች።

ሱሀይራ ከእናቷ አጠገብ ተነስታ እየሮጠች ጂም ገባች።

«ዓይኔን ያስጨፈንከኝ ለዚህ ነው?»

«ሱሀይራ፣ ሰው እኮ አልቅሷል! ስምሽንም አልጠራሁም...»

«የእናቴን ገመና ሸጥክ!»

«አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። ወላሂ እወድሻለሁ!»

«አውቃለሁ። ግን ከእንግዲህ አንተ ባለህበት ዓይኔን መጨፈን አልችልም።»

እሱ ግን ሽማግሌ ላከ። ሱሀይራ በሩን ልትዘጋባቸው ስትል እናቷ ከውስጥ ተጣራች።

«አንሺኝና በረንዳ አውጪኝ። እንደሆነ አገር አይቶኛል!»

ሱሀይራ እግሮቿን ተከለች፣ ጉልበቷን አጠፈች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች። ዓይኗን ግን አልጨፈነችም። እናቷን ታቅፋ ወጣችና ሽማግሌዎቹ ፊት በቀስታ አስቀመጠቻት።

ሃዎ ወደ ልጇ ዞረች።

«ትወጂዋለሽ?»

«እወደዋለሁ።»

«ታምኚዋለሽ?»

«አላምነውም፣ ሆዮ።»

«ሰማችሁ» አለች ሃዎ።

ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ሱሀይራ እናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ሃዎም በሚታዘዝላት እጇ ፀጉሯን ዳበሰችላት። ፀሐይ በረንዳው ላይ ስትደርስ ሱሀይራ እንባዋን ጠርጋ ተነሳች፤ እናቷን አቀፈቻትና ወደ ውስጥ አስገባቻት።