ብረቱን የምትይዝልኝ ሴት

ፈጠራ ነው የምትሉ እዚሁ ላይ ተዉት። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ጥር 1996 በፈረንጅ፣ ሰዓቱ በእኛ ከጠዋቱ አራት። ቡርንስቪል የምትባል የፈረንጅ ከተማ፣ የምኖርበት አፓርታማ ምድር ቤት ያለችው ትንሽ ጂም ውስጥ።

ሥራዬ ነርሲንግ ሆም ነው። አቅመ ደካሞችን ከአልጋ አነሳለሁ። ትከሻዬ እምቢ ሲል ሱፐርቫይዘሬ በአንድ ወር ካልበረታሽ ትወጫለሽ አለችኝ። በዚህ ምክንያት ብረት ማንሳት ጀመርኩ።

ጎረቤቴ ሻረን ፈረንጅ ናት፣ ስልሳ ያለፋት። በወጣትነቷ ብረት ታነሳ ነበር። ብቻሽን አታንሺ፣ እኔ ራስሽ ጋ ቆሜ ሲከብድሽ ብረቱን ልያዝልሽ ብላ ስንቴ ለመነችኝ። እምቢ አልኩ። ደረቴ ላይ ቢወድቅ በየትኛው እንግሊዝኛዬ ልጮህ ነው? የአገሬ ሰው ካልሆነ አልፈልግም አልኩ።

ያን ጠዋት አንዲት ሴት ገባች። ሀበሻ። እንዴት አደርሽ አለችኝና ልያዝልሽ አለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም። መልኳ በቃኝ።

ውጭ በረዶው ጉልበት ይደርሳል። ጫማዋ ግን ደረቅ ነበር...

አየሁት። አለፍኩት።

አግዳሚው ላይ ተጋደምኩ። በራሴ በኩል ቆማ መዳፎቿን ከብረቱ ሥር ዘረጋች። ሳትነካው።

"አለሁልሽ" አለች በሹክሹክታ።

አነሳሁ።

"አንድ።"

ደገምኩ።

"አንድ።"

ተሳሳትሽ ልላት ፈልጌ አፈርኩ። አምስተኛው ላይ በቃኝ አልኳት።

"በሞቴ... አንድ ብቻ።"

መቼም በሞቴ ተብሎ እምቢ አይባል። ጠግበን እንኳ በሞቴ ሲሉን አፋችንን እንከፍት የለ? አነሳሁ። ደግማ በሞቴ አለች። አነሳሁ። ስንቴ እንደሆነ አላውቅም።

ማሞቂያው ተበላሽቶ ትንፋሼ እንደ ጭስ ይታያል። እሷ ፊቴ ላይ ጎንበስ ብላ ታወራለች... ከአፏ ግን ምንም ጭስ አይወጣም።

ክንዴ ከዳኝ። ብረቱ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

"አንሺልኝ..."

መዳፎቿ እዚያው ናቸው። አላንቀሳቀሰቻቸውም።

"እህቴ፣ ሞትኩ..."

"አንድ ብቻ" አለች። በደግነት። እንደሚያጎርስ ሰው።

መጮህ አቃተኝ። በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም።

በሩ ተከፈተ። ሻረን ናት፣ ፎጣ ይዛ። ሮጣ ብረቱን ወደ ማስቀመጫው መለሰችውና ደግፋ ወለሉ ላይ አስቀመጠችኝ። ሴትየዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ሻረን ዞር ብላም አላየቻት።

ሻረንን እንውጣ ልላት ሞከርኩ። ድምፅ የለኝም። ክንዶቼ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል።

ሻረን ድንገት ቀና አለች፣ ሰው የጠራት ይመስል። ፈገግ ብላ እምቢ እንደሚል ሰው እጇን አወዛወዘች። ጆሮዋን አዘነበለች። እንደገና አወዛወዘች።

ከዚያ ፎጣዋን አስቀመጠች። እኔ የተነሳሁበት አግዳሚ ላይ ተጋደመች።

እግሯን ልይዝ እጄን ልዘረጋ ሞከርኩ... ጣቴ እንኳ አልታዘዝ አለኝ።

ሴትየዋ መዳፎቿን አስተካከለች።

አንዲት የአማርኛ ቃል የማታውቀው ሻረን ብረቱን ጨበጠች።

"እሺ" አለች በአማርኛ። "አንድ ብቻ..."